የሁዳዴ ደም

ባሕር ዳር፣ መጋቢት 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ አምሐ፤

«ለምን ዝም አልሽ?» ብለህ የጻፍኸው ደርሶኛል። ዝም ያልሁት ወረቀት ባነሣሁ ቁጥር እጄ ሳላዘው «እኛ ደህና ነን» ብሎ ስለሚጽፍ ነው። ስጽፍ ስቀድ ሰነበትሁ። ደህና አይደለንም። ሰላምታዬን ከዚህ ቁጠረው።

አባባ ታመዋል። ከጥምቀት ወዲህ እግራቸው ያብጥ ጀመር፤ ጧት ጧት ፊታቸውም ያብጣል። ብርድ ነው ተብሎ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወሰድናቸው፤ ብሶባቸው ተመለሱ። ሆስፒታል ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሐኪሙ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ እያቆሙ ነው አለኝ። ይህን ላንተ መጻፍ ያን ያህል አልከበደኝም፤ አንተ በጥናትህ የምትውለው ከዚሁ በሽታ ጋር ነው። የከበደኝ ሌላው ነው።

ደም ቀዷቸው። ጧት ነው፣ ሁዳዴ ነው፣ ከትናንት ማታ ወዲህ ውኃ እንኳ አልቀመሱም። የላቦራቶሪው ሠራተኛ ቢያዝን ይባላል። ደሙን በብልቃጥ አድርጎ አቆመው። ቆየት ሲል ቀዩ ወደ ታች ወረደ፤ ከላይ የቀረው ውኃ ወተት መሰለ። በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቢያዝን ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገና ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የኔታ፣ ይኼስ የሁዳዴ ደም አይመስልም። ቅቤው የማን ቤት ነው?» አላቸው። ሰው ሳቀ። አባባም ፈገግ አሉ፤ አልገባቸውም ነበር።

በዚያው ሳምንት ነገሩ ውይይት ክበብ ደረሰ። ጓድ አዘዘን አታውቀውም፤ የቀበሌያችን ካድሬ ነው፣ አንተ ከሄድህ በኋላ የመጣ። ስም አልጠራም። «አንድ የጾም መምህር» አለ። ሕዝቡን ሽሮ እያስበሉ ራሳቸው ጓዳ ገብተው ቅቤ የሚውጡ አሉ፤ ይህ ሐሜት አይደለም፣ በላቦራቶሪ የተረጋገጠ ሳይንስ ነው አለ። ቤቱ ሙሉ ሰው ዞሮ እኔን አየኝ።

እናታችን ካረፈች ወዲህ ምግባቸውን የማበስለው እኔ ነኝ። ጎመን፣ ሽሮ፣ ተልባ። ደቅ ደሴት ተወልደው፣ በዓሣ አድገው፣ በሁዳዴ ዓሣ እንኳ አይነኩም። ቅቤው ከየት መጣ?

ከዚህ የባሰ አለ። የንስሐ አባታቸው መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ መጡና በልተው እንደሆነ ጠየቋቸው። አባባ «አላውቅም» አሉ።

አላውቅም። ብቻችንን ስንቀር ጮኽሁባቸው። «ደሜ በላህ ካለኝ እኔ ማን ነኝ የማስተባብለው? ማን ያውቃል፣ በሕልሜ በልቼ ይሆናል» አሉኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ መጽሐፍ ሲተረጉሙ የኖሩ ሰው የገዛ አፋቸውን ትተው ብልቃጥ አመኑ። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ቀኖና ሰጧቸው፤ ስግደት። በዚያ እግር። ደብሩም «ነገሩ እስኪጣራ» ብሎ ጉባኤያቸውን ዘጋው። ተማሪዎቻቸው አኩፋዳቸውን አንጠልጥለው ወደ ሌላ መምህር ሄዱ።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። ያልበላ ሰው ደሙ እንዴት እንደሚነጣ ጻፍልኝ። ያለህበት ተቋም ማኅተም ይኑርበት። ጓድ አዘዘ ያኔ በቆመበት ቆሞ ያንብበው። አባባ ሳይሞቱ ስማቸው ይመለስ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም፤ ከሄድህም ጀምሮ ጠይቄህ አላውቅም።

የሻሽወርቅ


ላይፕዚግ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፤

ደብዳቤሽ ተከፍቶ እንደገና ተለጥፎ ደረሰኝ። ስለ ዘገየሁ ይቅርታ አድርጊልኝ። የጀመርሁት መልስ ሁሉ ስድብ እየሆነብኝ ነው። የሚከፍቱትም ሰዎች እንደሚያነቡት ትዝ ይለኛል፣ ከዚያ እቀደዋለሁ።

ላነሣሽው ጥያቄ፤ አዎን፣ ይቻላል። ያልበላ ሰው ደሙ ሊነጣ ይችላል። ቢያዝን ያየው እውነት ነው፤ የተናገረው ድንቁርና ነው። ነጭ ካፖርት የለበሰ ድንቁርና ደግሞ ማንም አይመልሰውም።

ኩላሊት ሲደክም በሽንት መውጣት የነበረበት መርዝ ደም ውስጥ ይቀራል። አንዱ ዩሪያ ነው፤ ገና ስም ያልወጣላቸውም ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ስብ አለ። ስብ ከቅቤ ብቻ አይመጣም። ጉበት ከእንጀራውም ከሽሮውም ይሠራዋል፣ ሠርቶ ወደ ደም ይልከዋል። በጤነኛ ሰው ደም ሥር ውስጥ ያንን ስብ እየቆራረጠ ደሙን የሚያጠራ ኢንዛይም አለ። እኛ እዚህ ኩላሊታቸው የታመመ አይጦች እናሳድጋለን፤ የእነርሱ ኢንዛይም ሰነፍ ነው። የበሽተኛ ሰውን የደም ውኃ ወስደን ከጤነኛው ጋር ስንቀላቅለው የጤነኛውም ኢንዛይም ይዝላል። ስለዚህ ከቀረው መርዝ አንዱ ኢንዛይሙን የሚይዘው ይመስላል። የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ጉበቱም ከልክ በላይ የሚሠራ ይመስላል። የኢንሱሊን ጉዳይ ነው የሚሉም አሉ። ሁሉም በሽተኛ ላይ አይታይም፤ ለምን እንደሆነ ይህንንም አላውቅም።

አባባ ስግደቱን እንዲያቆሙ አድርጊ። ጨው ቀንሺ። ሙዝና ቲማቲም አትስጫቸው። ደሙ የተቀዳው በባዶ ሆዳቸው መሆኑን ሐኪሙ መዝግቦታል ወይ? ሽንታቸውስ እንዴት ነው?

የማኅተሙን ነገር ለፕሮፌሰሩ አነሣለሁ። ቀላል አይደለም። ያልተረጋገጠ ነገር ላይ እዚህ ማኅተም አይመታም፤ ከዚህ ወደ አገር ቤት የሚሄድ ወረቀትም የሚያልፍበት ሰው አለ። ይህን በደብዳቤ ማብራራት አልችልም። አትቆጪኝ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ግንቦት 3 ቀን 1976 ዓ.ም.

አምሐ፤

እቆጣሃለሁ።

«ይመስላል»፣ «ይመስላል»፣ «አላውቅም»። ይህን ይዤ ጓድ አዘዘ ፊት ልቁም? እሱ ሲናገር ይመስላል አላለም።

ስግደቱን እንዲያቆሙ አድርጊ ያልኸው የደረሰኝ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስከ ስቅለት ጨርሰውት ነበር። ግድግዳ እየያዙ ሰገዱ። በስቅለት ዕለት ደግሞ ከሰው ሁሉ ጋር ሰገዱ፤ ወደ ማታ ተሸክመን አመጣናቸው። አንተ ያን ጊዜ ከፕሮፌሰርህ ጋር የምትነጋገርበትን ቀን እየመረጥህ ይሆናል።

ደብዳቤህን አነበብሁላቸው። ድገሚልኝ አሉ። ስደግመው ጣታቸውን እያጠፉ ከእኔ ጋር ይሉ ጀመር። «አንድም መርዙ የሚያጠራውን ይዞት ነው። አንድም ጉበቱ አብዝቶ ሠርቶ ነው። አንድም… ሦስተኛው ምን ነበር?» ኢንሱሊን አልኋቸው። ቃሉን አያውቁትም፤ ግን እንደ እንግዳ ቦታ ለቀቁለት። «መልካም ነው። አንዱን ሲይዝ ሌላውን አልጣለም። መምህሩ ማን ነው?» አሉኝ። አንድ ቃል በአምስት መንገድ ሲፈቱ ለኖሩ ሰው ማመንታትህ ትምህርት ሆኖ ታያቸው። ለእኔ ፍርሃት ነው።

ከዚያ ምን አሉ መሰለህ? «እንግዲያስ አልበላሁ ይሆናል» አሉ። ይሆናል። በዚህ ቤት ውስጥ ይሆናል የማይል ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

ጉባኤው እንደ ተዘጋ ነው። ጧት ጧት እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ይወጡና የሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። የሚማር የለም። ፀሐይ ሲወጣ ይመለሳሉ። ሽንታቸው እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኛል። ይኸው መልሴ።

ማኅተም ያለው ወረቀት ላክ።

የሻሽ


ላይፕዚግ፣ ግንቦት 30 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፤

ፈሪ ነህ ያልሽው ልክ ነው። ይህን ሳልመልስ ወደ ሌላ አላልፍም።

ፕሮፌሰሩን አነጋገርሁት። ሳላስበው እሺ አለኝ። በኩላሊት በሽታ የደም ስብ ከምግብ ጋር ሳይገናኝ ሊጨምር እንደሚችል በአጭሩ ጽፎ ፈረመ፤ ማኅተምም መታበት። ያን ዕለት በትራም ስመለስ ከማላውቃት አሮጊት ጋር ሳቅሁ።

ግን ወረቀቱ በእኛ በኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ኮሚቴ ማለፍ አለበት። ጸሐፊው አነበበው። ለማን ነው አለኝ። ለአባቴ አልሁት። አባትህ ምን ይሠራሉ አለኝ። ነገርሁት። ወረቀቱን በመዳፉ ሸፈነው፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና ገለጠው። ይለፍ፣ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር በአንተ ስም ይጨመርበት አለ፦ «ጾም ለኩላሊት ሕሙማን ጎጂ መሆኑን የሶሻሊስት ሕክምና አረጋግጧል።» ይህን ከፈረምሁ ወረቀቱ በኤምባሲው በኩል ራሱ ይሄዳል፤ ጓድ አዘዘም ቆሞ ያነበዋል። አባባ አልበሉም ብሎ ያነባል፤ ቀጥሎ ያቺን ያነባል።

ውሸት ነው። ማንም አላረጋገጠም። እንዲያውም ፕሮፌሰሩ ለበሽተኞቹ የሚያዘው ምግብ፣ ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ከአባባ የሁዳዴ ማዕድ ብዙ አይለይም። እስከ ዛሬ ያቆያቸው ጾሙ ሊሆን ይችላል። ይህን ለጸሐፊው ነገርሁት። «እንግዲያው ስለ አባትህ ብዙም አልተጨነቅህም ማለት ነው» አለኝ።

ወረቀቱ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ልፈርም? አንቺ ያልሽኝን አደርጋለሁ።

ያልጠየቅሽኝም አንድ ነገር አለ፤ ቅቤ የበላ ጤነኛ ሰው ደሙስ? ከበላ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይደፈርሳል፤ አድሮ ይጠራል። ለማወዳደሪያ ጤነኛ ደም ሲያጥረን እኔ ሰጥቼ ነበር። ማታ ዳቦ በቅቤና በአይብ በልቼ አደርሁ፤ ጧት ደሜ ጥርት ያለ ነበር። ዕለቱ ምን እንደ ነበር አትጠይቂኝ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ሰኔ 27 ቀን 1976 ዓ.ም.

ወንድሜ፤

ፈርም ልልህ ነበር። ደብዳቤህን ሆዴ ውስጥ ይዤ የምሠራበት ፋብሪካ ውዬ፣ ማሽኑ ሲጮህ ፈርም ፈርም ሲለኝ ውዬ ገባሁ። ጾም የራሱ ባለቤት አለው፣ ይከላከልለታል፤ አባባ ያለ እኔ ማን አላቸው አልሁ።

አባባ አንብቢልኝ አሉ። ያቺን ዓረፍተ ነገር ዘልዬ አነበብሁ። ስለ አንተ እራትም ዘለልሁ። «እዚህ ላይ ዘለልሽ» አሉኝ። «እዚህም ላይ ዘለልሽ።» ይህን ያህል ዘመን ተማሪ ሲያነብላቸው በጆሯቸው ሲያርሙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ረስቼው። አንዱን አነበብሁላቸው። ሁለተኛውን ገደል ብገባም አላነብም።

ሰሙና ተነሥተው ተቀመጡ። እንደዚያ ሲቆጡ ያየሁት ልጅ ሳለሁ ነው። «በላ መባሉ የእኔ ነው፤ ከእኔ ጋር ይቀበራል። ይህ ግን የሰው ሁሉ ነው። ልጄ በእኔ ሰበብ በሐሰት አይፈርምም» አሉ። ቀጥለው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ደግሞስ እኔ አልበላሁም» አሉ።

ይሆናል የለበትም። ይህን ለመስማት ከመጋቢት ጀምሮ ጠብቄ ነበር። ሰማሁት፤ አልበቃኝም። እኔ ሰማሁ፤ ያ የሳቀው ወረፋ ሁሉ አልሰማም።

አትፈርም። እኔ ግን ወረቀት መጠበቅ ሰልችቶኛል። አድሮ ይጠራል ያልኸው ከሐሳቤ አልወጣም። ፍልሰታ ይግባ።

የሻሽ


ላይፕዚግ፣ ሐምሌ 19 ቀን 1976 ዓ.ም.

እታለም፤

አልፈረምሁም። ወረቀቱን ለጸሐፊው መለስሁለት። የክረምቱ የአገር ቤት ጉዞዬ ተሰርዟል፤ ምክንያቱን ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም።

ያሰብሽው ገብቶኛል። አታድርጊው። አንድ ሰው ማስረጃ አይሆንም፤ ሁለትም አይሆንም። ደምሽ ባይጠራስ? ሰውስ ምን ይልሻል? አባባስ? ይህ በጊዜ ቢደርስሽ፣ እለምንሻለሁ።

አምሐ


ባሕር ዳር፣ ነሐሴ 14 ቀን 1976 ዓ.ም.

አምሐ፤

በጊዜ አልደረሰኝም። የደረሰኝ ትናንት ነው፤ ነገሩ ያለቀው ባለፈው ሳምንት ነው።

ገበያ ወጥቼ ቅቤ ገዛሁ። በፍልሰታ ቅቤ የሚገዛ ስለሌለ ሴትዮዋ «ለራስሽ ነው?» አለችኝ፤ ለፀጉር ማለቷ ነው። አዎ፣ ለራሴ ነው አልኋት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ሙሉነሽ ነገሩን ሲሰሙ ድስታቸውን ከእኔ ማጀት ይዘው ወጡ። ጓድ አዘዘን ራሱን ጠራሁት፤ መስክር አልሁት። ደስ ብሎት መጣ። «ጓዲት የሻሽ፣ ዘግይተሽም ቢሆን ነቃሽ» አለኝ። መምሬ ተክለ ጊዮርጊስንም ጠርቼ ነበር። መጡ፤ ግን ገብተው አላዩም፤ ግቢው ውስጥ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። አባባ በዚያ ሰዓት ቅዳሴ ነበሩ። ቅቤውን አቅልጬ ፍትፍት አድርጌ በላሁ። ጣዕሙን አትጠይቀኝ። አልወርድ ሲለኝ ያን ወረፋ አሰብሁ፣ ወረደ።

በማግስቱ ጧት ሳልቀምስ ሆስፒታል ሄድሁ። የአባባም የምርመራ ቀን ነበር፤ ደግፌያቸው ሄድሁ፣ አልነገርኋቸውም። ጓድ አዘዘም መጣ። ቢያዝን የሁለታችንንም ቀዳና ጎን ለጎን አቆመው። ስንጠብቅ ዓይኔን ከብልቃጦቹ አልነቀልሁም። ባይጠራስ? እንዳንተው አልሁ፤ ባይጠራስ።

የአባባ ነጣ። የእኔ እንደ ተጣራ ጠጅ ከላዩ ጥርት ብሎ ቆመ።

ወረፋው እንዲሰማ ጮክ ብዬ፣ «ጓድ አዘዘ፣ ትናንት ቅቤ የበላው ማነው?» አልሁት።

«አንቺ።»

«ነጩ ደም የማን ነው?»

ብልቃጥ አቀያይረህ እንዳይሆን ብሎ ወደ ቢያዝን ዞረ። ቢያዝን ስማችን የተለጠፈበትን አሳየው። ያን ጊዜ ሰው ሳቀ፤ በማን እንደ ሳቀ ጓድ አዘዘ ያውቃል። ቢያዝን አጠገቤ መጥቶ ቀስ ብሎ «እኔ ያኔ ቀልዴን ነበር» አለኝ። ቀልዱን ነበር። በዚህ ዓመት ከሰማሁት ሁሉ ያቃጠለኝ ይኼ ነው፤ እስከ አሁን ያቃጥለኛል።

እሑድ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ በኋላ ቆመው፣ በመምህራችን ላይ የተወራው ሐሰት ነው፣ እኔም ሳልመረምር ቀኖና ሰጥቻለሁ ይቅር በሉኝ አሉ። ጉባኤው ተከፈተ። ተማሪዎቹ ተመልሰዋል፤ ሁሉም አይደሉም። ጓድ አዘዘ በክበቡ አንድም ቃል አልተነፈሰም፤ አጀንዳው ሌላ ነው ብሎ አለፈው። ተመለከትሁት፣ ዓይኑን ሰበረ። አልበቃኝም፤ ግን ያ ነው ያለው።

አባባ ግን ብልቃጦቹን ያዩ ዕለት ሁሉን ተረዱ። በመንገድ አላናገሩኝም። ቤት ገብተንም አላናገሩኝም። ከእጄ አልበላም አሉ፤ ወይዘሮ ሙሉነሽ ያበሏቸው ጀመር። ለማን ብዬ ነው የበላሁት? ተናድጄ ከበር ውጭ ቆሜ ይህንኑ ጮኽሁ።

ከዚያ መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ለእኔ ቀኖና ሊሰጡ መጡ። አባባ ከተኙበት ሰሙ። «የእኔ ስግደት ይቆጠርላት» አሉ።

መምሬ አልገባቸውም።

«ያኔ ያዘዙኝን ፈጽሜዋለሁ። ኃጢአቱ ስላልነበረ ስግደቱ ባለቤት የለውም። ለእርሷ ይሁን።»

እንዲህ ያለ ሥርዓት የለም አሉ መምሬ። ቢኖርም እንኳ ሰውየው መጸጸት አለበት። ወደ እኔ ዞረው «ተጸጽተሻል?» አሉኝ።

«አልተጸጸትሁም» አልሁ።

አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው እንዳዞሩ፣ «እኔስ መች ተጸጸትሁ? ሰገድሁ እንጂ» አሉ።

መምሬ ተክለ ጊዮርጊስ ሊቆጡ ይሁን ሊስቁ አልለየሁም። መስቀላቸውን አውጥተው አባባን አሳለሙ፤ ቀጥለው ለእኔም ዘረጉልኝና ሄዱ።

መምጣት እንደማትችል ጽፈሃል። እንግዲያስ ሐኪሙ ስለ አባባ ትናንት ያለኝን አልጽፍልህም። ብትለምነኝም አልጽፍም።

መምሬ ወጥተው በሩ ሲዘጋ አባባ «ምን ሠርተሻል?» አሉኝ። ጎመን አልኋቸው። «አምጪው» አሉ፤ አፍታም ሳይቆዩ «ተይው፣ ሰዓቱ ገና ነው» አሉ። መሶቡን አቅርቤ፣ ሳልከፍተው፣ አጠገባቸው ተቀመጥሁ። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሆን አብረን ጠበቅን።